ሙሉ መምህር ለመሆን ስንት ዓመት ይፈጃል?

የአገራችን የመምህራን የደረጃ ዕድገት መሰላል ላይ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። አንድ ሰው ተቀጥሮ ክፍል ሲገባ የሚሰጠው የመጀመሪያ ደረጃ «ጀማሪ መምህር» ይባላል። ቀጥሎ «መለስተኛ መምህር» ይሆናል። «መምህር» የሚለው ስም ያለ ምንም ቅጥያ የሚመጣው በሦስተኛው ደረጃ ላይ ነው። ከዚያ በላይ ከፍተኛ መምህር፣ ተባባሪ መሪ መምህር፣ መሪ መምህር እያለ ይቀጥላል። ተማሪዎቹ ግን ይሄን ሁሉ አያውቁም፤ ገና በመጀመሪያው ቀን «ቲቸር» ብለው ከመቀመጫቸው ይነሳሉ። ስለዚህ አንድ ሰው በተማሪዎቹ አፍ መምህር ሆኖ በፋይሉ ግን ገና ያልሆነባቸው ዓመታት አሉ ማለት ነው።

ይሄን የነገረኝ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ነው። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ እያለን እኔ ኢንጂነሪንግ፣ እሱ አፕላይድ ማቲማቲክስ ነበርን። ከተመረቅን በኋላ እኔ ሶፍትዌር ውስጥ ገባሁ፤ እሱ ባንክ ተቀጠረ። ሦስት ዓመት መስኮት ላይ ቁጭ ብሎ ብር ሲቆጥር ከቆየ በኋላ ለቀቀና በጋሞ ደጋ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ሆነ። እኔ ደግሞ ላለፈው አንድ ዓመት የእሱን መንገድ ልከተል ወይስ አልከተል እያልኩ ነው። ቤተሰብ ይሄን ሲሰማ የሚለውን ትገምታላችሁ። «ኢንጂነር ብለን ያስመረቅንህን?» አለችኝ እናቴ፤ ከዚያ ወዲያ ርዕሱን ማንሳት ተውን።

ለውሳኔ እንዲረዳኝ ብዬ የጀመርኩት ነገር ደሞዝና የሥራ ሰዓት ማወዳደር ነበር። እያደር ግን ሌላ ጥያቄ ያዘኝ። አንድ ሰው ከሌላ ሙያ መጥቶ ሙሉ መምህር የሚሆነው መቼ ነው? «አሁን ሆነሃል» ብሎ የሚነግረውስ ማን ነው? ይሄን ይዤ ወደ ኋላ ሄድኩ። ያገኘሁት ታሪክ ከጠበቅኩት በላይ የእኔ ቢጤዎች ታሪክ ሆኖ ተገኘ፤ የዚህች አገር ክፍሎች ከሌላ ቦታ በመጡ ሰዎች ሲሞሉ የኖሩ ናቸውና። ዓመቶቹን እ.ኤ.አ. ካላልኩ በቀር በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ምስክር

ትምህርታችንን ስንጨርስ የሚሰጠን ወረቀት ስሙ «የምስክር ወረቀት» ነው። ሺህ ጊዜ ሰምተነዋል፤ ምስክር የሚለውን ቃል ለብቻው አውጥተን አናየውም እንጂ። ምስክር ማለት ያየ ሰው ነው። ወረቀቱ «ይህ ሰው ሲሠራ አይቻለሁ» የሚል የሌላ ሰው ቃል ነው።

የዚህ አነጋገር ሥር ያለው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ንባብ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ መጻሕፍት ቤት እየተባለ የሚወጣው መንገድ ብዙ ዓመት ይፈጃል። የድጓ ተማሪ የትም ደብር ሊማር ይችላል። የድጓ መምህር ልሁን ካለ ግን ጋይንት፣ ቤተልሔም ሄዶ ማስመስከር አለበት። ለዝማሬ መዋሥዕት ደግሞ መሄጃው ዙር አምባ ነው። ቦታዎቹ «የምስክር ጉባኤ» የሚባሉትም ለዚህ ነው። ከየትም ቢመጣ፣ የፈለገውን ያህል ቢያውቅ፣ እዚያ ያሉት ሊቅ ሰምተው ካልመሰከሩለት ወንበር ዘርግቶ ማስተማር አይችልም።

ሌላም ነገር አለ። ተማሪው ገና ተማሪ እያለ ነው ማስተማር የሚጀምረው። ቅኔ ቤት የበረታው ልጅ አስነጋሪ ሆኖ ታናናሾቹን ይዞ ይውላል፤ የኔታ ደግሞ እዚያው አጠገብ ናቸው። ሲሳሳት ይሰማሉ፤ ያርሙታል። ስለዚህ ለምስክርነት የሚደርስ ሰው ማወቁ ብቻ ሳይሆን ማሳወቁም ለዓመታት ሲታይ የቆየ ነው።

ይህ ሥርዓት ወደ ደቡብም ዘልቋል። ከአባያ ሐይቅ በስተምዕራብ ያለችው ብርብር ማርያም ከአካባቢው ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት አንዷ ናት። የጋሞ የራሱ ባህልም ተመሳሳይ ሐሳብ አለው። ሃላቃ የሚሆን ሰው በዱቡሻ፣ ማለትም ሕዝቡ በሚሰበሰብበት ሸንጎ ይታወቃል፤ ይደግሳል፤ ገበያ ወጥቶ በሕዝብ ፊት ሥርዓቱን ይፈጽማል። ሹመቱ የሚጸናው ስለታየ ነው። ልብ በሉ፣ ሃላቃ ሲሾም ከእርሻው ወይም ከሽመናው የመጣ ሰው ነው። ከሌላ ሥራ መምጣቱ አያሳፍረውም፤ ሳይታይ መግባት ግን አይቻልም።

ምስክር የሌለበት ዘመን

ዘመናዊው ትምህርት ሲጀመር ይሄ ሰንሰለት ተቆረጠ። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሲከፈት በዘመናዊ መንገድ የሚያስተምር ኢትዮጵያዊ አልነበረም። መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች ነበሩ፤ ይሄም ራሱ የስምምነት ውጤት ነው። ቤተ ክህነት የአውሮፓ አስተማሪ እንዳይገባ ትቃወም ስለነበር፣ በሃይማኖት የሚቀራረቡት ግብፃውያን መካከለኛ መፍትሔ ሆኑ። ለ17 ዓመት ያህል ቆይቶ ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈትም አስተማሪው በአብዛኛው የውጭ ሰው ነበር።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ ፋሺስቶች የተማረውን ኢትዮጵያዊ እየለዩ ገደሉ። በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ ትምህርት ቤቶች ቢከፈቱም ጥቁር ሰሌዳው ፊት የሚቆም ሰው አልነበረም። ንባብና ጽሕፈት የሚያውቅ ቄስ፣ ዲያቆን፣ ጸሐፊ ተፈልጎ ክፍል ገባ። ዛሬ በተለመደው አነጋገር ሙያ ቀያሪዎች ናቸው።

የመጀመሪያው የመምህራን ማሠልጠኛ የተከፈተው በእንዲህ ያለው ጊዜ፣ በ1936 ዓ.ም. ገደማ፣ እዚያው ምኒልክ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነው። ኋላ ወደ ሐረር ሄደ፤ በየክፍለ ሀገሩም ሌሎች ማሠልጠኛዎች ተጨመሩ። አንድ ሰው «ማስተማር ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ይሰለጠንበታል» ብሎ በመንግሥት ደረጃ የወሰነው ያኔ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ችግሩ ትምህርት ቤቶቹ ከማሠልጠኛዎቹ በፍጥነት መብዛታቸው ነው። ይሄ ሩጫ እስከ ዛሬ አላቆመም። ከዚህ በኋላ ያለውን ታሪክ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማጠቃለል ይቻላል፤ መምህር ባነሰ ቁጥር በሩ ይከፈታል፣ በከፈትነው በር የገባውን ሰው ግን ቁጭ ብሎ የሚያየው አይገኝም።

ለአንድ ዓመት የሚመጡ

በ1950ዎቹ አርባ ምንጭ ከተማ ሆና ስትቆረቆርና የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማነት ከጨንቻ ወደ ታች ሲወርድ፣ አገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን በሩጫ ትከፍት ነበር። ዲግሪ ያለው አስተማሪ በጣም ጥቂት ነው። በ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ከአሜሪካ የሰላም ጓድ ወደ 300 የሚጠጉ ወጣቶች መጡ። በአንድ ጊዜ ዲግሪ ያላቸውን የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ቁጥር እጥፍ ሊያደርጉት ምንም አልቀራቸው። አብዛኞቹ ከኮሌጅ ገና የወጡ ነበሩ፤ የተሰጣቸው ሥልጠናም በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የአንድ ክረምት ነው። ከመካከላቸው አንዱ፣ ወሊሶ ያስተማረው ፖል ሶንጋስ፣ በኋላ የአሜሪካ ሴናተር ሆኗል።

ሁለት ዓመት ቆይቶ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የራሱን ተማሪዎች መላክ ጀመረ። የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባለው ፕሮግራም እያንዳንዱ ተማሪ ዲግሪውን ሳይዝ አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ሄዶ እንዲያገለግል ያስገድድ ነበር። አብዛኛው የተመደበው አስተማሪ ሆኖ ነው። የሕግ ተማሪው እንግሊዝኛ፣ የኢንጂነሪንግ ተማሪው ሒሳብና ፊዚክስ ያስተምራል። የእኔ ቢጤዎች ማለት ነው፤ ከስልሳ ዓመት በፊት።

እነዚህ ወጣቶች ብዙ ነገር እንደሠሩ በዚያ ዘመን የተማሩ ሰዎች ይናገራሉ። አዲስ ሐሳብ ይዘው ገብተዋል፤ የተማሪው ንቅናቄ ወደ ክፍለ ሀገር የተዳረሰውም በከፊል በእነሱ በኩል ነው። ለመምህርነት ሙያ ግን ሌላ ነገር ትተው ሄዱ፤ ማስተማር ወደ ሌላ ቦታ ስትሄድ የምታልፍበት ጣቢያ ነው የሚል ስሜት። አንድ ዓመት ትሠራለህ፣ ከዚያ ትክክለኛው ሕይወትህ ይጀምራል። ዛሬ እናቴ ፊት ላይ የማየው ነገር ምንጩ ሩቅ ነው።

ሙያዬ ብለው የተቀመጡት መምህራን ግን ዝም አላሉም። በ1960ዎቹ አጋማሽ «ሴክተር ሪቪው» የተባለው የትምህርት ጥናት ሲወጣ፣ ለኑሯቸውና ለደሃው ልጅ የመማር ዕድል ሠጉ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. ሥራ አቆሙ። የዚያ ሳምንት አድማ ወደ አብዮቱ ካመሩት ክስተቶች አንዱ ሆነ፤ ሴክተር ሪቪውም ታጠፈ።

ዘመቻ እና ድጎማ

ደርግ ነገሩን ይበልጥ አሰፋው። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚሆኑ ተማሪዎችና መምህራን ገጠር ወጡ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ተጀመረ። በ15 ቋንቋዎች ተካሄደ፤ በዓለም አቀፍ ደረጃም ተሸለመ። ከቋንቋዎቹ መካከል ወላይትኛ አለ፤ ጋሞኛ የለም። መጻፍና ማንበብ የሚችል ሁሉ አስተማሪ የሆነበት ዘመን ነው።

የመደበኛው ትምህርት ቤት ሁኔታም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ማሠልጠኛዎቹ ማዳረስ ሲያቅታቸው 12ኛ ክፍል የጨረሱ ወጣቶች በትንሽ ክፍያ ቀጥታ ክፍል ገቡ። «የድጎማ መምህር» ይባሉ ነበር። ወላጆቻችሁን ብትጠይቁ አንድ የድጎማ መምህር ያስተማራቸው አይጠፉም፤ ምናልባትም ራሳቸው ነበሩ። አርባ ምንጭ ውስጥ የነበረው የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም፣ በኋላ ኮሌጅ የሆነው፣ እዚህ አካባቢ ላለው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ዋናው ምንጭ ነው። በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ የዛሬው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ፣ ሲከፈት ከተማዋ ሁለት ዓይነት ወጣት ማስመረቅ ጀመረች፤ መምህርና ኢንጂነር። በሁለቱ መካከል ስለሚሄድ መንገድ ያኔ የሚያስብ ሰው የነበረ አይመስለኝም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደረጃዎቹን ለየ። ለአንደኛ ደረጃ የመጀመሪያ ክፍሎች ሠርተፊኬት፣ ለቀጣዮቹ ዲፕሎማ፣ ለሁለተኛ ደረጃ ዲግሪ። የአፍ መፍቻ ቋንቋም የማስተማሪያ ቋንቋ ሆነ። ይሄ ለጋሞ መምህራን ትልቅ ነገር ነው። በአማርኛ ተምረው፣ በአማርኛ ሠልጥነው፣ በአማርኛ ሲያስተምሩ ኖረው በድንገት ክፍልፋይንና ፎቶሲንተሲስን በጋሞኛ ማስረዳት ተጠበቀባቸው። ሙያቸውን ሳይለቁ ሙያ ቀየሩ። ትንሽ ቆይቶ የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ ቋንቋዎችን አንድ ላይ ያዋሃደ «ወጋጎዳ» የተባለ መጽሐፍ ታትሞ መጣ። በ1992 ዓ.ም. በወላይታ ሶዶ ሰው የሞተበት ተቃውሞ ተነሣና መጽሐፉ ተነሳ። በዚህ ሁሉ መሐል ሰሌዳ ፊት ቆሞ የነበረው መምህር፣ ያልጻፈውን መጽሐፍ ይዞ፣ ባልሠለጠነበት ቋንቋ ለልጆች መልስ መስጠት ነበረበት። የምስክር ወረቀቱ ስለዚህ ጉዳይ ምንም አይልም።

መምህር አልባ ትምህርት

እኔ የፕላዝማ ልጅ ነኝ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በአገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግድግዳ ላይ ትልልቅ ስክሪኖች ተሰቀሉ። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛና ሥነ ዜጋ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ይተላለፋሉ። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ሠላሳ ያህሉ የስክሪኑ ነው። መምህሩ መግቢያና መዝጊያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ትቀረዋለች።

እንደ ሶፍትዌር ሰው ሳየው የሐሳቡን ማራኪነት እረዳለሁ። ጥሩ መምህር ከሌለህ አንድ ጥሩ መምህር ቅረጽና ለሁሉም አሠራጭ። ችግሩ ሥርዓቱ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ መሆኑ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለችው ሴት «ሰላሳ ሰከንድ አላችሁ፣ ሥሩት» ትላለች። ሰላሳው ሰከንድ ያልቃል፤ መልሱን ትናገራለች፤ ታልፋለች። ስልሳ ልጅ አንድም እንዳልሠራ ማየት አትችልም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ እሷም ትጠፋለች። ያኔ መምህሩ ይነሣና ቾኩን ያነሣል፤ እኔ በበኩሌ ፊዚክስ የገባኝ መብራት በጠፋባቸው ቀናት ነው።

ፕላዝማው ሳያስበው አንድ ነገር አረጋገጠ። የትምህርቱ ይዘት ምንም ያህል ቢያምር፣ ያልገባውን ልጅ ፊት የሚያነብ ሰው ከሌለ ክፍሉ ክፍል አይሆንም።

የፒጂዲቲ በር

አሁን ወደ እኔና ወደ ጓደኛዬ በር ደረስን። የሁለተኛ ደረጃ መምህር እንዴት ይሠልጥን የሚለው ክርክር ሁለት ጎራ አለው። አንዱ «የትምህርት ዓይነቱንና የማስተማር ዘዴውን ጎን ለጎን ይማር» ይላል። ሌላው «መጀመሪያ የትምህርት ዓይነቱን ጠንቅቆ ይወቅ፤ የማስተማሩ ነገር ከላይ ይጨመርለት» ይላል። አገራችን በሁለቱ መካከል ስትወዛወዝ ኖራለች። በ1996 ዓ.ም. ገደማ ቴሶ የተባለው ማሻሻያ ጎን ለጎኑን ይዞ ሥልጠናውን ወደ ሦስት ዓመት አሳጠረ። መምህራኑ የሚያስተምሩትን ትምህርት በደንብ አያውቁም የሚል ቅሬታ በዛ። በ2003 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ በተቃራኒው ተሄደ፤ በአፕላይድ የተመረቀ ሰው የአንድ ዓመት የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ ይጨምራል፤ በተለምዶ ፒጂዲቲ የምንለው። በቅርብ ዓመታት ጎን ለጎን የሚሰጠው የትምህርት ዲግሪ ተመልሷል፤ ኮተቤም የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ሆኗል።

ፒጂዲቲ ሲታቀድ ሙያ መቀየር ለሚፈልግ ሰው ተብሎ አይደለም። ቢሆንም ዲግሪ ይዞ ከሌላ ቦታ ለመጣ ሰው የሚሆን መንገድ ነው። ሥነ ልቦና፣ ሥርዓተ ትምህርት፣ ምዘና፣ አካቶ ትምህርት፣ የየትምህርት ዓይነቱ የማስተማር ዘዴ፣ ተግባራዊ ምርምር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ትምህርት ቤት ገብቶ መለማመድ አለው። ቀድመው ሥራ ላይ ላሉት በክረምት ይሰጣል። ክረምት ላይ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የገባ ሰው ያውቀዋል፤ መደበኛው ተማሪ ሲወጣ፣ ቦርሳ የያዙ፣ ልጅ ያዘሉ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ተማሪዎች ይገባሉ።

ትችቱም የታወቀ ነው። ብዙ ሰው ወደዚህ የገባው ሌላ ሥራ ሲያጣ ነው ይባላል። ሐሰት አይደለም። የባንክ ደሞዝ ትቶ የሚገባ እንደ ጓደኛዬ ያለ ሰው ብርቅ ነው። ለዚህ ነው ምን እንዳገኘበት አጥብቄ የጠየቅኩት።

ስለ ሥነ ልቦናው ኮርስ ብዙም አላወራኝም። ያወራኝ ስለ አንዲት መምህርት ነው። ለሃያ ምናምን ዓመት ያስተማሩ ናቸው፤ በልምምዱ ጊዜ ክፍሉ ጀርባ ቁጭ ብለው ያዩታል። አንድ ቀን ሲወጡ «ጥያቄ ጠይቀህ ስንት ሰከንድ ትጠብቃለህ?» አሉት። አላወቀም። «እኔ ቆጥሬልሃለሁ፤ ሁለት አይሞላም። ከዚያ ራስህ ትመልሰዋለህ» አሉት።

«ባንክ ነዋ ያስለመደኝ» አለኝ ጓደኛዬ። «መስኮት ላይ ደንበኛ ሲቆም ዝምታ ጥፋት ነው። ሰልፉ ያይሃል። ክፍል ውስጥ ደግሞ ዝምታው ነው ሥራው።»

ይሄን ሰምቼ ቆይቶ አንድ ነገር አነበብኩ። ሜሪ በድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የመምህራንን ድምፅ ቀድታ ስታዳምጥ፣ ጥያቄ ጠይቀው የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል መሆኑን አገኘች። ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያሳድጉት የልጆቹ መልስ ይረዝማል፤ ዝም ይሉ የነበሩትም ይናገራሉ። እኚያ የጋሞ መምህርት ጥናቱን ያንብቡት አያንብቡት እንጃ። እሳቸው የሠሩት ቁጭ ብሎ መቁጠር ነው። ጓደኛዬን ከሁሉም ኮርስ በላይ መምህር ያደረገው ይሄ ይመስለኛል። ጋይንት ላይ የነበረው ነገር ተመልሶ መጣ፤ የሚያውቅ ሰው ቁጭ ብሎ አየው።

በእኔ ሙያ ይሄ ብርቅ አይደለም። የጻፍኩት ኮድ ሌላ ሰው ሳያነበው ለተጠቃሚ አይደርስም። አዲስ ገቢ ሆንክ የአሥር ዓመት ባለሙያ ሆንክ፣ ሪቪው አለ። ወደ ማስተማር ስመለከት የሚያስፈራኝ ደሞዙ ብቻ አይደለም፤ በሩ ከተዘጋ በኋላ አርባ ደቂቃ ሙሉ ማንም የማያየው ሥራ መሆኑ ነው። የሚያዩህ ልጆቹ ብቻ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ የሚያወዳድሩት ነገር የላቸውም።

ወረቀቱና ምስክሩ

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። እነዚህን ቁጥሮች በመምህራን ላይ ብቻ መለጠፍ ግፍ ነው። ጦርነት፣ ኮቪድ፣ መጽሐፍ እጥረት፣ የተጨናነቀ ክፍል፣ የቋንቋ ጉዳይ፣ ሁሉም አሉበት። ግን ቁጥሮቹ ከወጡ በኋላ የሚሰማው ጥሪ የታወቀ ነው፤ ተጨማሪ መምህር ይምጣ፣ በፍጥነት፣ ከየትም። ታሪኩን ካነበብኩ በኋላ ይህ ጥሪ ያሠጋኛል፤ ስንት ጊዜ ሰምተነዋል።

በሌላው ዓለምም አለ። እ.ኤ.አ. በ1990 የጀመረው ቲች ፎር አሜሪካ ጎበዝ ተመራቂዎችን ለጥቂት ሳምንታት አሠልጥኖ ለሁለት ዓመት ክፍል ያስገባል። ክርክሩ ዛሬም አልበረደም፤ አንዱ ወገን ያመጣውን ጉልበት ያነሣል፣ ሌላው ሁለት ዓመት ቆይተው የሚሄዱትን ይቆጥራል። የእኛ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ይሄን ክርክር ከሩብ ክፍለ ዘመን በፊት ቀድሞ ኖሮታል።

እኔ ከሌላ ሙያ የሚመጣ ሰው አያስፈልግም አልልም፤ ብል ራሴን ማስወጣቴ ነው። ባንክ የሠራ ሰው ወለድን ሲያስተምር ሌላ ነው። ኮድ የጻፈ ሰው ሎጂክ ሲያስተምር ልጆቹ «ይሄ ለምን ይጠቅማል?» ብለው ቢጠይቁት መልስ አለው። የምለው ሌላ ነው። በሩን ስንከፍት ወንበሩንም እናስቀምጥ፤ ክፍሉ ጀርባ፣ ለሚያየው ሰው የሚሆን ወንበር። ሥርዓቱ በወረቀት ላይ ይሄን ያውቃል። ጀማሪ መምህር ሁለት ዓመት በነባር መምህር እየታገዘ «የሙያ ትውውቅ» ማድረግ አለበት ይላል። ነገር ግን ነባሩ መምህር ራሱ በሳምንት ሙሉ ክፍለ ጊዜ ካለው፣ ለማየት የሚመድበው ሰዓት ካልተቆጠረለት፣ የሚሞላው ፎርም ብቻ ይሆናል። ፎርም ደግሞ አይመሰክርም። ለፒጂዲቲ በጀት ሲያዝ፣ የፈረቃው ፕሮግራም ሲወጣ፣ ለእኚያ መምህርት ዓይነት ሰው በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ መቀነስ ይቻላል። ከፕላዝማ ስክሪን ይረክሳል።

እንግዲህ የርዕሱ ጥያቄ መልስ በዓመት የሚቆጠር አይመስለኝም። አንድ ዓመት ዲፕሎማ፣ ሁለት ዓመት ትውውቅ፣ ጥቂት ዓመት ደረጃ፣ ሁሉም ልክ ናቸው። ሳይታይ ያለፈ አሥር ዓመት ግን አሥር ዓመት ጀማሪነት ሊሆን ይችላል።

እኔ እስከ አሁን ሥራዬን አልለቀቅኩም። ያደረግኩት አንድ ነገር ነው። ሲቀላ አካባቢ ቅዳሜ ቅዳሜ ለ11ኛና 12ኛ ክፍል ተማሪዎች ፕሮግራሚንግ ማስተማር ጀምሬያለሁ፤ አንድ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህርም በወር ሁለቴ ከኋላ እንዲቀመጡልኝ ለምኛቸው እሺ ብለዋል። ደብተር ይዘው ነው የሚመጡት። በመጀመሪያው ቀን አራት ነገር ጻፉ፤ ሦስቱን ነገሩኝ። አራተኛውን «ገና ነህ፣ በኋላ እነግርሃለሁ» አሉኝ። እናቴ ይሄን ስትሰማ ምን እንዳለች አልነግራችሁም፤ ግን ርዕሱን እንደገና ማንሳት ጀምረናል።